ሃያ ስድስት ባቄላ

ጉንፋኑ ሮቤ የገባው በሃምሳ ዓመተ ምሕረት በጥቅምት ነው፤ ገብሱ ገና አልታጨደም ነበር። ማን አመጣው ሲባል የኛ ሰዎች ከሼክ ሁሴን የተመለሱ ተሳላሚዎች ናቸው አሉ። እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የመጣ ነው አሉ። ማንም ያምጣው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው የማያስል ሰው ጠፋ። ቅዳሴው በሳል ይቋረጣል፣ መስጊዱም እንደዚያው ነው ይባላል። ገበያ ላይ ሻጭና ገዢ ዋጋ ጀምረው ሳይጨርሱ ሁለቱም ደረታቸውን ይዘው ይቀመጣሉ።

እኔን ሁለት ቀን አስተኝቶ ለቀቀኝ። በሦስተኛው ቀን ተነስቼ ላሜን አልቤአለሁ። ምራቴን ቀለሟን ግን ከያዛት በኋላ አልለቅ አለ።

ቀለሟ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። ልጄ ብዙነህ በጊኒር መስመር መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በወር አንድ ቀን ቢመጣ ነው። ባለፈው ሲሄድ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ "እማዬ፣ እሷን ላንቺ ትቼ ነው የምሄደው፤ ዓይንሽን ከእሷ ላይ እንዳትነቅይ" ብሎኛል። "ምን፣ እንደ ጫጩት ጭልፊት ይወስዳታል?" ብዬ ሳቅሁበት።

እውነቱን ለመናገር ሲያገባት አልወደድኩም ነበር። የገሰራ ገበሬ ልጅ ናት። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ የኔም ኦሮምኛ ለገበያ ያህል ነው። ግን ሰነፍ አይደለችም። ስቆጣት አትመልስልኝም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች፣ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ። መጀመሪያ የጠፋው ያ ሳቅ ነው።

በገበያው ቀን ከጎባ ሐኪም ቤት አንድ ድሬሰር ተልኮ መጣ፤ ኢዶሳ የሚሉት ወጣት ነው። ፖሊስ ጣቢያው በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አስቀምጦ ሰዉን በሰልፍ ያያል። እሱ ራሱም ያስላል፤ እያሳለ ሌላውን "ሳል እስቲ" ይላል። ተራዬ ሲደርስ መስሚያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወደ ደረቴ ሊመጣ ሲል እጁን ያዝኩት።

"እኔ አይደለሁም። ምራቴ ናት፤ ቤት ተኝታለች።"

"ስንተኛ ቀኗ ነው?"

"ሦስተኛ።"

"ከንፈሯ ይጠቁራል? አክታዋ ደም አለው?"

"የለውም። ትኩሳትና ሳል ነው።"

"እንግዲያው እንደ ሌላው ሰው ትድናለች። ይህን አስፕሪን ጠዋትና ማታ ይስጧት፤ ውሃ ታብዛ፤ ትተኛ።"

"እርጉዝ ናት። ሰባት ወሯ ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየኝ።

"እርጉዝ ላይ ይህ ጉንፋን ይከፋል" አለ። "ሳንባ ውስጥ ከገባ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ የምልዎትን ይስሙኝ። ሳሏ ቢበዛ አይደንግጡ። ትኩሳቷም ይወጣል ይወርዳል። እኔ የምፈራው እስትንፋሷን ነው። በአንድ ደቂቃ ስንቴ እንደምትተነፍስ ይቁጠሩ። ሃያ ከሆነ ደህና ናት። ሃያ አምስት ካለፈ ከአጠገቧ አይራቁ። ሠላሳ ከደረሰ ጎባ ያምጧት፤ ሌላ ምንም አይጠብቁ።"

"ሠላሳ ካልደረሰስ?"

"ካልደረሰ ቤቷ ትተኛ። ጎባ አልጋ አልቆ ሰዉ መሬት ላይ ነው የተኛው። ያልከፋበትን ሰው በዚህ ብርድ ማንገላታት ጥሩ አይደለም።"

ይህ አነጋገሩ ደስ አለኝ። እናቴ የሞተችው በኅዳር በሽታ ነው፤ እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ጠበል ይሻላታል ብሎ በበቅሎ አሳፍሯት ወጣ፤ መንገድ ላይ ነፋስ መታትና ቤቷ ሳትመለስ ቀረች። በሽታው ይግደላት ነፋሱ ማንም አያውቅም። እኛ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ የታመመ ሰው ከደጅ አይወጣም። ድሬሰሩ ሠላሳ ሲል እኔ የሰማሁት "ሠላሳ እስኪሞላ አታውጪያት" የሚለውን ነው።

"ሰዓት አለዎት?" አለኝ።

"ከየት አምጥቼ?"

"ጎረቤትስ?"

ከኋላዬ ከሰልፉ አንዱ፣ "መሀመድአወል አለው፤ አጥር ለአጥር ናቸው" አለ።

"የሱን ደጃፍ አልረግጥም" አልኩ።

ሰልፈኛው ሳቀ፤ ሳቁም ወዲያው ሳል ሆነ። ነገሩን ሮቤ ሁሉ ያውቀዋል። መሀመድአወል የጨውና የአቡጀዲ ነጋዴ ነው። በበጋው ሱቁን ቆርቆሮ ሲያለብስ አሸንዳውን ወደኔ ግቢ አዞረው። የበልጉ ዝናብ ሲጥል የጣራው ውሃ ግድግዳዬን ይቦረቡር ጀመር። ሽማግሌ ቢቀመጥም አላዞረውም። እኔም ከእንግዲህ ደጃፍህን ብረግጥ እግሬ ይሰበር ብዬ ማልኩ። ስድስት ወር ሆነን፣ እግዜር ይማርህ እንኳ ሳንባባል።

ድሬሰሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ከኋላዬ ስድሳ ሰው ቆሟል።

"ጸሎት ይችላሉ?" አለኝ።

"ለምን አልችል?"

"አቡነ ዘበሰማያትን ከነበሰላመ ቅዱስ ገብርኤል ይበሉልኝ። ቤትዎ እንደሚያደርሱት።" ሰዓቱን ከእጁ ፈቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

መጀመሪያ ያላገጠብኝ መሰለኝ። ፊቱን ሳየው ግን አላላገጠም። እጄን ዘርግቼ ጀመርኩ። እኔ ጸሎት ላይ አልቸኩልም፤ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የማስቀምጠው። ሰልፈኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ስጨርስ የኛዎቹ አሜን አሉ፣ እስላሞቹም ዝም ብለው ቆመው ነበር።

"አንድ ደቂቃ ሊሞላ ሁለት ሰኮንድ ሲቀረው" አለ ድሬሰሩ። "ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። በዚህ ይቁጠሩ።"

"አፌ አንድ ነው። ጸሎት እያደረስኩ በምን እቆጥራለሁ?"

"እጅዎ ሁለት ነው። ደረቷ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ይጣሉ። ጸሎቱ ሲያልቅ ባቄላውን ይቁጠሩ። የሚቀጥለው።"

የቀለሟ ወንድም ሙለታ የዚያን ዕለት ከገሰራ ያምናውን ገብስ ይዞ ለገበያ መጥቶ ነበር። እህቱን ተኝታ ሲያገኛት ገብሱን ሳይሸጥ እኛ ቤት ቀረ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲያወራ ግን ወደ ነገሩ ነው።

"ጎባ እንውሰዳት" አለኝ።

"ሐኪሙ ሠላሳ ብሏል።"

"አሁን ስንት ናት?"

ቆጠርኩ። ሃያ ሁለት። ባቄላውን መዳፉ ላይ ዘርግፌ አሳየሁት። አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ቆጠረና መለሰልኝ። "እሺ" አለ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። ላሚቱን ልመግብ እወጣለሁ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ሳሏ የተቋረጠ ሲመስለኝ እመለሳለሁ። ስትስል እሰጋለሁ፣ ዝም ስትል የባሰ እሰጋለሁ። እሳት ለማንደድ ጎንበስ ብዬ እንጨቱን እንደያዝኩ ረስቼው ጆሮዬን ወደ ጓዳው አቀናለሁ። በቀን አሥር ጊዜ ቆጠርኩ። ደግሞ እየቆጠርኩ መሆኑን ስታውቅ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ስለዚህ እንዲሁ የምጸልይላት መስዬ ጣሳውን ነጠላዬ ስር ደበቅሁት።

"እማማ" አለችኝ በሁለተኛው ቀን፣ "እንዲህ ጸሎት የሚያበዙልኝ ልሞት ነው?"

"ማን ነው የሚሞተው? ለራሴ ነው የምጸልየው።"

"ጸሎቱ ኳ ኳ ይላል።"

"ምን?"

"ነጠላዎ ስር። ኳ። ኳ።" ልትስቅ ፈልጋ ሳሉ ያዛት። ሲለቃት፣ "ባቄላ ከሆነ ቆልተው ይስጡኝ" አለች። ያን ቀን ማታ ሃያ አራት ነበረች።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ገብቼ ሳያት ተቀምጣለች። ተኝታ መተንፈስ አልቻለችም። የአፍንጫዋ ክንፎች ይከፈታሉ ይዘጋሉ። "ምን ሆንሽ?" ስላት "ምን" ብላ ተነፈሰች፣ "አልሆንኩም" ብላ እንደገና ተነፈሰች። ሁለት ቃል በአንድ ትንፋሽ መናገር አቅቷታል። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም አልልም።

ጣሳዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጸሎቱን ጀመርኩ፣ ባቄላውን ጣልኩ፣ ጨረስኩ፣ ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት። አላመንኩም። እንደገና ጀመርኩ። ሃያ አምስት። እንደገና። ሃያ ስድስት። ሙለታ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ሃያ ስድስት ነው" አልኩት።

"ፊቷ ግን..."

"ፊቷን ሐኪሙ አልጠየቀኝም። ቁጥር ነው ያለኝ፣ ቁጥሩ ደግሞ ይኸው። በዚህ ነፋስ አውጥተን መንገድ ላይ ልትሞትብን ነው?"

ይህን ብዬ አፌን ሳልዘጋ ከደጅ መኪና ጡሩምባ ነፋ። መሀመድአወል ወደ ጎባ እህል የሚያስጭንባት ትሬንታ ኳትሮ ናት። ሾፌሩ ዲኖ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ "እትዬ ሠርከአዲስ፣ ጎባ የሚሄድ ሰው አለ? ጋቢናው ባዶ ነው" አለ።

"ማን ጠይቅ አለህ?"

"አያ መሀመድአወል ነው። ሳሉን ከአጥር ማዶ ሰምቶት።"

በመኪናዋ ጭነት ላይ የሱ ጆንያዎች ተደርድረዋል። በላያቸው ላይ አዲስ ሸራ። ያን ሸራ ሳየው ክረምቱን ሙሉ ግድግዳዬ ሥር የቆመው ውሃ ትዝ አለኝ።

"የለም" አልኩት። "የሚሄድ ሰው የለም።"

ዲኖ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። መኪናዋ አቀበቱ ላይ ማርሽ ስትቀይር ድምጿ ይሰማኛል፤ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ ሰማሁት። ከዚያ ገብቼ እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ስድስት።

እስከ ቀትር ድረስ ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩ አላውቅም። ባቄላው በእጄ ላብ ረጥቦ ቆዳው መላጥ ጀመረ። ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስድስት። ከንፈሯ ግን እየጠቆረ መጣ። ጥፍሯን አየሁ፤ እሱም ጠቁሯል። ቁጥሩ ደህና ነች ይለኛል፣ ዓይኔ ደህና አይደለችም ይለኛል፣ እኔ ደግሞ በመካከል ቆሜ ጣሳ አንቃጭላለሁ። ትንፋሽ ፍለጋ ወደ ጓሮ ወጣሁና አጥሩ ሥር ቆሜ ለራሴ ጸሎት ጀመርኩ። አፌ ለምዶት ይሁን እንጃ ጸሎቱ ብቻውን ይወጣል።

ከአጥሩ ማዶ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ ሠርከአዲስ።"

መሀመድአወል ነው። ስሜን ከጠራ ስድስት ወሩ።

"ምን ፈለግህ?"

"ማን ነው የሚያባርርዎት?"

"ማን ያባርረኛል?"

"ጸሎትዎን ነው የምለው። አሥራ አንድ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ጠዋት እርስዎ ሲጀምሩ ሻይ ይቀዳልኛል። እርስዎ ሲጨርሱ ብርጭቆዬ ባዶ ነው፤ ከዚያ ሱቅ እከፍታለሁ። ወላሂ፣ ስንጣላ እንኳ አልተለወጠም። ከትናንት ጀምሮ ግን ሻዩ ሳይበርድልኝ ጸሎትዎ ያልቃል። ዛሬ ጠዋትማ ምላሴን አቃጠለኝ።"

መልስ ልሰጠው አፌን ከፈትኩ፤ የተዘጋጀ ስድብ ነበረኝ። ግን ስድቡን ትቼ ወደ አጥሩ ተጠጋሁ።

"አጠረ ነው የምትለው?" አልኩት።

"አጠረ አይደለም። ይሮጣል። ቃሉ ሁሉ አለ፣ ግን ይሮጣል።"

"ሰዓትህ አለ?"

"እጄ ላይ ነው።"

"ና።"

"በየት በኩል?"

"እዚያው ባለህበት። አጥሩን ጣሰው።"

ሁለት እንጨት ነቅሎ በጎን ገባ። ጓዳ አልገባም፤ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመና ሰዓቱን ፊቱ ላይ ያዘ። "እኔ ጀምሩ ስል ይጀምሩ፣ በቃ ስል ያቁሙ። ጸሎት የለም፣ ባቄላ ብቻ" አለ። "ጀምሩ።"

አንድ ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። እየጣልኩ፣ እየጣልኩ፣ እየጣልኩ፤ በቃ አይልም። ጣሳው ሞልቶ የሚፈስ መሰለኝ። ሙለታ ከአጠገቤ ቁጢጥ ብሏል። በመጨረሻ "በቃ" አለ። ሙለታ ባቄላውን መሬት ላይ አፍስሶ በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

"አርባ አራት" አለ።

"አሁን ያለ ባቄላ ጸሎትዎን ይድገሙት" አለኝ መሀመድአወል። ደገምኩት። ለመርጋት ሞከርኩ፣ በእግዜር፣ ሞከርኩ። ስጨርስ ሰዓቱን ወደኔ አዞረና በጣቱ አሳየኝ። መርፌዋ ግማሹን አልፋ ትንሽ ነው የሄደችው። "ሠላሳ አምስት ሰኮንድ" አለ።

ድሬሰሩ ፊት ስጸልይ አልፈራሁም ነበር። ቤቴ ስጸልይ ፈርቼ ነበር። እሷ በፈጠነች ቁጥር እኔም ፈጠንኩ፣ ሁለታችን አብረን ሮጥን፣ ባቄላውም እኩል ወጣ። ይህን ያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ አልተረዳሁትም፤ የተረዳሁት መኪናዋ መሄዷን ብቻ ነው።

"መኪናህ?" አልኩት።

"ማታ ነው የምትመለሰው። አንጠብቅም።"

ሮጦ ሄዶ የሱቁን መዝጊያ ለቃሬዛ ከማጠፊያው ነቅሎ አመጣ። ሙለታ ካመጣው አንዱን የገብስ ጆንያ ከጀርባዋ አደረግንላት፤ መተኛት ስለማትችል ተደግፋ ነው የምትሄደው። በቡልኮ ጠቀለልኳት፣ ፊቷን ሸፈንኩ፣ ታፈንኩ ስትል መልሼ ገለጥኩ። መንደሩን ዞረን የሚሸከም ሰው ብንፈልግ በየቤቱ ወንዱ ተኝቶ ያስላል። ከመሀመድአወልና ከሙለታ ሌላ የፖሊስ ጣቢያው ዘበኛ ረጋሳ ብቻ ተገኘ። አራተኛው ጥግ ሰው አጣ።

"እኔ እይዛለሁ" አልኩ።

"እርስዎ?" አለ ረጋሳ።

"ትከሻ አላየህም?"

የጎባን መንገድ እንዲህ ጀመርነው። ነፋሱ ከተራራው ፊት ለፊት ይመጣል፤ ጥቅምት ላይ ያ ነፋስ ምን እንደሚመስል የባሌ ሰው ያውቀዋል። በተራመድን ቁጥር እናቴ በበቅሎዋ ላይ ከፊቴ የምትሄድ ይመስለኝ ነበር። ቀለሟ ራሷን ወደኔ ጥግ አዘንብላ ስለነበር ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነው፤ አጭር፣ ፈጣን፣ እንደሚፈጭ ነገር ድምፅ ያለው። ማቆም ፈለግሁ፣ መሮጥም ፈለግሁ። እጄ ባዶ ሆኖ እንኳ በያንዳንዱ ትንፋሽ ጣቴ ባቄላ ሊጥል ይንቀሳቀስ ነበር።

"እማማ" አለች። ተነፈሰች። "ነፋስ።" ተነፈሰች። "ይገድላል አላሉም?"

"ዝም በይ። ትንፋሽሽን አትጨርሺ።"

ረጋሳ አንድ ሰዓት ያህል ሄዶ ሳል ጣለው። መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ "ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ" ይላል፤ እኛ ግን ማስቀመጥ አልቻልንም፤ ሙለታ ሁለቱን የፊት ጥግ ብቻውን ይዞ ተራመደ። እንደዚያ እያዘገምን ነው የመኪና አቧራ ያየነው። ትሬንታ ኳትሮዋ ናት፤ ጭነቷን አራግፋ ቀድማ ትመለሳለች። ዲኖ አቁሞ ወረደ፤ መዝጊያውን አየ፣ አሠሪውን አየ፣ እኔን አየኝ።

"ጠዋት የሚሄድ ሰው የለም አላሉኝም?" አለኝ።

"ብያለሁ። አሁን አለ በል።"

መሀመድአወል "አዙር" አለው፤ ዲኖም አዞረ። ጋቢናው ውስጥ እኔና እሷ ገባን። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አድርጌ እስከ ጎባ ድረስ ከፊት መስታወቱ ይልቅ ከንፈሯን ሳይ ሄድኩ።

ሐኪም ቤቱ እንደተባለው ሞልቶ ሰዉ በኮሪደሩ ተኝቷል። ድሬሰሩ ኢዶሳ አገኘን። መስሚያውን ጀርባዋ ላይ አድርጎ ሁለቱንም ወገን አዳመጠ፣ ሰዓቱን አየ፣ "አርባ ስድስት" አለና ጮክ ብሎ ሐኪሙን ጠራ። ወዲያው መርፌ ወጓት። በየስንት ሰዓቱ እንደምትወጋ ግድግዳው ላይ ጻፉላት። ሳንባዋ ተይዟል አሉኝ፤ በሁለቱም በኩል።

ማምሻውን ኢዶሳ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

"ስንት ላይ ተነሱ?"

"በኔ ሃያ ስድስት። በሰዓት አርባ አራት።" የሆነውን ነገርኩት፤ ጸሎቱን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም። መኪናዋን ግን አልነገርኩትም።

መስሚያውን ከአንገቱ አወረደ። "ጸሎትዎን የለካሁት በረንዳ ላይ ነው" አለ። "ሕመምተኛዋ አጠገብዎ ሳትኖር፣ ፊት ለፊቴ ቆመው። የፈራ ሰው እንዴት እንደሚጸልይ አላሰብኩም። የኔም ጥፋት ነው።"

"የራስህን ጥፋት ራስህ ያዝ፤ የኔን አትሸከምልኝ" አልኩት። ክፉ ተናገርኩት መሰለኝ፤ ልጁ ግን ቅር አላለውም።

በሦስተኛው ቀን ምጥ መጣ። ሴት ልጅ ናት፤ ስትወለድ አልተነፈሰችም። ሙለታና እኔ ቀበርናት። ቀለሟ ያን ቀን የት እንዳለች አታውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀኖች መሀመድአወል ሰዓቱን ፈቶ ትቶልኝ ስለሄደ በሰዓት እቆጥራለሁ። አርባ። ሠላሳ ስምንት። አንድ ሙሉ ቀን ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመች፣ እኔም ምግብ አልወርድ አለኝ። ሠላሳ አንድ። በስምንተኛው ቀን ሃያ ሁለት ሆነችና ተኝታ አደረች። ጠዋት ነቅታ ጣቶቼን ስታይ ባዶ ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። "ባቄላው አለቀ?" አለችኝ። ከዚያ ሆዷን በእጇ ዳሰሰች። እኔ ነገርኳት። ሌላ ሰው እንዲነግራት አልፈቀድኩም።

ብዙነህ መልእክቱ ደርሶት የመጣው በማግሥቱ ነው፤ አቧራውን ሳያራግፍ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጇን ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

"ዲኖን መንገድ ላይ አገኘሁት" አለ። "ጎባ የመጣችሁ ዕለት ጠዋት ደጃችሁ ቆሞ ነበር?"

እኔ አፌን ሳልከፍት ቀለሟ ቀደመችኝ። "ጠዋት ደህና ነበርኩ" አለች። "እስከ ቀትር ደህና ነበርኩ። ከዚያ ነው የባሰብኝ።" ሙሉውን በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረችው። እኔን ሳታይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

እንዲሁ ዝም ብል ያልፍ ነበር። ልጄ ሊያምን ተዘጋጅቷል። ሙለታ ዝምተኛ ነው፣ መሀመድአወል አይናገርብኝም። ድሬሰሩም ጥፋቱን ተካፍሎኛል።

"ደህና አልነበረችም" አልኩ። "ሁለት ቃል መናገር አቅቷት ነበር። መኪናዋ ጋቢናዋ ባዶ ሆኖ ደጄ ቆማ የለም ብዬ ሰደድኳት። ቁጥሩ ሃያ ስድስት ነበረ። ግን የመሀመድአወል መኪና ባትሆን ኖሮ በሃያ ስድስትም አሳፍራት ነበር ይሆን? አላውቅም፣ ብዙነህ። ጸሎቱን ፍርሃት ያስሩጠው እልኸኝነት አላውቅም። ሳስበው እውላለሁ።"

ተነስቶ ወጣ። በመስኮቱ ሲሄድ አየሁት፤ አጥሩ ድረስ ሄዶ ቆመ። ቀለሟ ፊቷን ከግድግዳው አላነሳችም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ሳቅ ግን አልነበረም። እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። አላወረደችውም። ብዙነህ ሲመለስ በእጁ አንድ ጣሳ ውሃ ይዟል፤ መጀመሪያ ለእሷ ሰጣት። ከዚያ የቀረውን ለኔ አቀበለኝ። እስካሁንም ስለዚያ ጠዋት ምንም አላለኝም።

ወደ ሮቤ ስንመለስ ሰዓቱን ይዤ መሀመድአወል ደጃፍ ሄድኩ። መዝጊያው ተመልሶ ተገጥሟል። ደፉ ላይ ቆሜ ትንሽ አመነታሁ፤ ከዚያ ረገጥኩት፤ እግሬም አልተሰበረም። ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት።

"አሸንዳውን ግን አዙረው" አልኩት።

"ኢንሻአላህ" አለ። እስካሁን አላዞረውም።

ጠዋት ጠዋት ጸሎቴን አደርሳለሁ። እንደ ድሮው ቃሉን አንድ በአንድ ላስቀምጥ እሞክራለሁ፤ ግን ቀለሟ ከጓዳ አንድ ጊዜ ብታስል ምላሴ ያመልጠኛል፣ እሮጣለሁ። ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ መሀመድአወል ሻዩን ይዞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ቆም እላለሁ። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።